አርኪሜዲስ (ብራዮዞዋ)

አርኪሜዲስ ዛሬ በሕይወት የሌለ፣ በቅሪተ አካሉ ብቻ የሚታወቅ የባሕር እንስሳት ወገን ነው። የሚመደበው በብራዮዞዋ ክፍለስፍን ውስጥ ነው። ቅሪተ አካሉ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ስለሆነ በድንጋይ ላይ በቀላሉ ይለያል። ስሙም የመጣው በጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ በአርኪሜዲስ ስም ከሚጠራው ጠመዝማዛ የውኃ መሳቢያ ነው።

አካሉ

ብራዮዞዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጋራ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ስብስቡ ኮሎኒ፣ እያንዳንዱ አባል ደግሞ ዞይድ ይባላል። የአንድ ዞይድ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል።

የአርኪሜዲስ ኮሎኒ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። አንደኛው በመሃል የቆመ ወፍራም ጠመዝማዛ ምሰሶ ነው። ሁለተኛው በምሰሶው ዙሪያ እየዞረ የሚወጣ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ መረብ ነው። ዞይዶቹ የሚኖሩት በመረቡ ላይ ነበር፤ ምግባቸውንም በቀዳዳዎቹ ከሚያልፈው ውኃ ያጠሩ ነበር።

ምደባ

* ክፍለስፍን፦ ብራዮዞዋ
* መደብ፦ ስቴኖሌማታ
* ክፍለመደብ፦ ፌነስትራታ
* አስተኔ፦ ፌነስተሊዴ
* ወገን፦ አርኪሜዲስ

ፌነስትራታ የሚለው ስም «መስኮት» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን የመረቡን ቀዳዳዎች ያመለክታል። ወገኑን በ1838 እ.ኤ.አ. የሰየመው የሥነ ምድር አጥኚው ዴቪድ ዴል ኦወን ነው።

ምደባው ግን ክርክር አስነስቶ ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ኮንድራና ኤልያስ የተባሉ ተመራማሪዎች አርኪሜዲስ አንድ ፍጡር አይደለም አሉ። በእነርሱ ሐሳብ መረቡ የብራዮዞዋ ሲሆን ምሰሶው የተሠራው አብሮት በሚኖር አልጌ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ አርኪሜዲስ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑ በቀረ ነበር። ኋላ ግን ይህ ሐሳብ ተቀባይነት አጣ። የምሰሶው አጽም በስስ ንብርብሮች የተሠራ ነው፤ ንብርብሮቹም ሳይቋረጡ ከመረቡ አጽም ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ ሁለቱንም የሠራው ያው ብራዮዞዋ ነው።

ቅሪተ አካሉ

አርኪሜዲስ የኖረው በካርቦኒፌረስና በፐርሚያን ዘመናት ነው። እጅግ የበዛው ሚሲሲፒያን በሚባለው የካርቦኒፌረስ የመጀመሪያ ክፍል፣ ማለትም ከ359 እስከ 323 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የዛሬው የሰሜን አሜሪካ መሃል አገር በአብዛኛው ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር። በኢሊኖይ፣ በአይዋ፣ በኢንዲያና፣ በኬንታኪና በአላባማ የሚገኙ የኖራ ድንጋዮች ቅሪተ አካሉን በብዛት ይዘዋል። ከሩሲያም ዝርያዎች ተገልጸዋል።

መረቡ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሰባበራል፤ ምሰሶው ግን ጠንካራ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ምሰሶው ብቻ ነው። ይህም ለአጥኚዎች ሁለት ችግር ይፈጥራል። አንደኛ፣ ተለይቶ የወደቀ የመረብ ቁራጭ ፌነስቴላ ከሚባለው የቅርብ ዘመዱ ለመለየት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ዝርያን በምሰሶው ቅርጽ ብቻ መለየት አስተማማኝ አይደለም፤ በመረቡ ላይ ያሉትን ቅርንጫፎች፣ ቀዳዳዎችና የዞይድ ክፍሎች መለካት ያስፈልጋል።

የምሰሶዎቹ ብዛትም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ፍራንክ መኪኒ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የተሰበረ የኮሎኒ ክፍል አድጎ አዲስ ኮሎኒ ይሆን እንደነበረና ይህም የአርኪሜዲስ ዋና የመራቢያ መንገድ እንደነበረ አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ላይ የሚታዩ ብዙ ምሰሶዎች ከአንድ እጭ የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ።

መጥፋቱ

ፌነስትራታ በሙሉ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በፐርሚያን መጨረሻ ከደረሰው ታላቅ እልቂት አልተረፈም። ከስቴኖሌማታ መደብ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው ሳይክሎስቶማታ የተባለው ክፍለመደብ ብቻ ነው።