ያውቁ ኖሯል? የጉባ ግድብ ሥር ወደ ዋሽንግተን ይመዘዛል

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከአሶሳ በስተሰሜን በጉባ ወረዳ የቆመው የሕዳሴ ግድብ ታሪክ በ2003 ዓ.ም. በተጣለው የመሠረት ድንጋይ አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1956 የአሜሪካው የአይዘንሃወር መንግሥት ለግብፁ የአስዋን ግድብ ሊሰጥ የነበረውን ገንዘብ ከለከለ፤ የግብፁ መሪ ናስርም የስዊዝ ቦይን ወረሰ፣ ግድቡንም በሶቪየት ድጋፍ ሠራ። አሜሪካ በበኩሏ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምታ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ አጠናች። ጥናቱ በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና በሱዳን ወሰን አጠገብ «ቦርደር» የተባሉ አራት ግድቦችን ጠቆመ። የሕዳሴ ግድብ ያረፈው በዚህ በመጨረሻው አካባቢ ነው።

«ጥናቱ ካይሮን ለማስጨነቅ የተሠራ ፖለቲካ ነበር» የሚሉ አሉ። ፖለቲካው ጊዜውን እንደ ወሰነው አምናለሁ፤ ነገር ግን የወንዙ ፍሰት ልኬትና የቦታው መረጣ ከፖለቲካው ዕድሜ በላይ ኖረዋል፤ የፊንጫ ግድብም ከዚያው ጥናት የተወለደ ነው። «ታዲያ ግድቡ የአሜሪካ ሐሳብ ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው። በጥናቱ የቦርደር አቅም 1,400 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፤ የዛሬው 5,150 ነው፤ ንድፉ አዲስ፣ ወጪውም በቦንድና በመዋጮ ጭምር የተሸፈነ የኢትዮጵያውያን ላብ ነው። ለሐይቁ ሲባል ከቀያቸው የተነሡት የጉሙዝ ቤተሰቦች የከፈሉት ዋጋም እዚሁ ሊቆጠር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 በግድቡ ሰበብ ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው ርዳታ ከፊሉን ያገደችውም ያችው ቦታውን ያጠናችው አገር ናት።