የሥነ ልቦና አማካሪ ምን ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎሃ ጽዮንን ያለፈ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። መንገዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ይሄዳል። በዚህ መስመር የሚኖር ሰው ወባ ሲይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ጥርሱን ሲያመው የሚያስነቅልበትን ያውቃል። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እህል አልወርድ ሲለው፣ የሚወደው ሥራ ሲያስጠላው ግን “ሆድ ይፍጀው” ብሎ የሚቀመጠው ይበዛል።

ለመናገር የቆረጠ ሰው የሚሄድበት አያጣም። የንስሐ አባት አለ፤ ጸበል አለ፤ የተጣላን የሚያስታርቁ፣ ያዘነን የሚያጽናኑ ሽማግሌዎች አሉ። ቡና አፍልታ “ምን ሆነሽብኝ ነው?” የምትል ጎረቤት አለች፤ ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው እድር አለ። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ቤት በፈረሰ ነበር። ይህ ጽሑፍ ከእነሱ ጎን መቆም የሚችል ሌላ ባለሙያ ያስተዋውቃል፤ የሥነ ልቦና አማካሪን። ሥራው በትምህርት የሚገኝ፣ በደረጃ የሚከናወን፣ ውጤቱም የሚለካ ሙያ ነው። ለከተማ ሀብታም ብቻ የተተወ እንዳይሆን ደግሞ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማን ምን ይሠራል?

ሳይካትሪስት በመጀመሪያ የሕክምና ዶክተር ነው፤ ቀጥሎ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል፤ መድኃኒት ያዝዛል፣ አስፈላጊ ሲሆን ታማሚን ሆስፒታል ያስተኛል። የሳይካትሪ ነርስ በሆስፒታሎች አብዛኛውን የዕለት ተዕለት ክትትል የሚሸከም ባለሙያ ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስትና የምክር አገልግሎት ባለሙያ ግን መድኃኒት አያዝዙም፤ ዋና መሣሪያቸው ሥርዓት ያለው ንግግር ነው። የግል አማካሪ የምንለው ከእነዚህ አንዱ ሆኖ በራሱ ቢሮ ወይም በስልክ፣ ለአንድ ሰው ወይም ለባልና ሚስት በቀጠሮ የሚሠራውን ነው።

ሙያው በአገራችን ዕድሜው ገና ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ የጎጃም ታማሚም ዓባይን ተሻግሮ ነበር የሚታከመው። ሳይካትሪስት እዚሁ አገር ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት በዘርፉ ስፔሻላይዝ ማድረግ የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የባለሙያ እጥረቱ በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው እጅግ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተነደፈው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወርዶ በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ አቅጣጫ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል የደብረ ማርቆስ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲሆን፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ሥራውን በምሳሌ እንየው። በቢቸና ገበያ ጤፍ የሚነግዱ አንዲት እናት አሉ እንበል። ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል። ሥራ ፍለጋ ከአገር የወጣው ልጃቸው ድምፁን ካሰማ ሰንብቷል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቁና እስኪነጋ ይገላበጣሉ። ራሴን አመመኝ፣ ልቤን መታኝ ብለው ጤና ጣቢያ ተመላልሰዋል፤ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ተብለዋል። ጭንቀትና ድብርት እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚመጡት እንዲህ የሰውነት ሕመም መስለው ነው።

እኚህ እናት ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ሲሄዱ፣ አማካሪዋ ከሁሉ አስቀድማ ስለ ምስጢር ትናገራለች። “እናቴ፣ እዚህ የሚነግሩኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም። የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብዬ ከፈራሁ ብቻ ለሌላ ሰው እናገራለሁ፤ እሱንም አስቀድሜ ለእርስዎ ነግሬ ነው።” ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ቃል ካልጸና ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥላ ዘጠኝ ጥያቄዎች ትጠይቃለች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሥራ መሥራት አላስደስት ብሎዎታል? ተስፋ መቁረጥ ነበር? እንቅልፍስ? የምግብ ፍላጎትስ? ሐሳብ መሰብሰብስ? እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። መጠይቁ በብዙ አገር የሚሠራበት ሲሆን በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትኗል። የመጨረሻው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መጠየቅ ሐሳቡን ማስገባት ይመስለዋል፤ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በቀጥታና በአክብሮት የተጠየቀ ሰው እንደሚቀለው ነው። ነጥቡ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይለካል፤ ለውጡ በአማካሪዋ ስሜት ሳይሆን በቁጥር ይታያል።

ከዚህ በኋላ ማዳመጥ ነው። አማካሪዋ “ይበርቱ፣ ሁሉም ያልፋል” ብላ አትሸኝም።

“ሌሊት ሲነቁ መጀመሪያ የሚመጣብዎት ሐሳብ ምንድን ነው?”

“ልጄ ታሞ ቢሆንስ? አንድ ነገር ሆኖ ቢሆንስ?”

“ያኔ ሰውነትዎ ምን ይሆናል?”

“ልቤ ይመታል፤ ላብ ላብ ይለኛል።”

“ሲነጋስ?”

“ሲነጋማ ገበያ መውጣት ያስጠላኛል። ከቤት እውላለሁ።”

“ቤት ሲውሉ ይቀልዎታል?”

“የለም ልጄ፤ ስለ እሱ ማሰብ ነው የምውለው።”

በእነዚህ ጥቂት ጥያቄዎች ሰንሰለቱ ታየ። ሐሳቡ ስሜትን አስነሣ፤ ስሜቱ ሰውነትን ነካ፤ ሰውነቱ ሥራ አስተወ፤ ሥራ መተዉ ደግሞ ለሐሳቡ ጊዜ ሰጠ። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ሕክምና የቆመው በዚህ ሰንሰለት ላይ ነው፤ አንዱን ቀለበት መፍታት ከተቻለ ሌላውም ይላላል። ሳይፈርዱና ሳይቸኩሉ ማዳመጥ ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን ያስተማረው ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ ነው።

አምስት ሳምንት

ምክር ማለት ዓመት ሙሉ መመላለስ ነው ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው መመሪያ አምስት ቀጠሮ ብቻ አለው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል። በፓኪስታን ፔሻዋርና በኬንያ ናይሮቢ ተሞክሮ ሰዎችን ረድቷል። የሚሰጡትም ስፔሻሊስት ሳይሆኑ ሠልጥነው በባለሙያ ክትትል የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የሚያስተምረው አራት ነገር ነው።

የመጀመሪያው አተነፋፈስ ነው። ትከሻን ማላላት፣ አንድ እጅን ሆድ ላይ ማድረግ፣ ሆድ እንደ ፊኛ እስኪነፋ ድረስ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ሦስት እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ ሦስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ደረት ሳይሆን ሆድ መንቀሳቀስ አለበት። ይህ የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ጭንቀቱ ሲመጣ ለመማር ስለሚያስቸግር በደህናው ሰዓት በየቀኑ ይለማመዱታል።

ሁለተኛው ችግርን መለየት ነው። እኚህ እናት የልጃቸውን ዝምታ በራሳቸው መስበር አይችሉም፤ የሚችሉት ነገር ግን አለ። አማካሪዋ የሚቻለውን ሁሉ ጥሩ መጥፎ ሳትል እንዲዘረዝሩ ትጠይቃለች፤ አብሮት የወጣውን ልጅ ቤተሰብ ማነጋገር፣ የቀድሞ ስልኩን በጎረቤት ልጅ ማስሞከር፣ የቀይ መስቀልን የጠፉ ቤተሰቦች አፈላላጊ አገልግሎት መጠየቅ። ከዚያ አንዱን ይመርጣሉ፤ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚያደርጉትም ይወስናሉ። የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ አማካሪዋ “እንዲህ ያድርጉ” አትልም። ከራስ የወጣ ውሳኔ ከሰው ከተቀበሉት ይልቅ እንደሚፈጸም ሙያው በልምድ አውቆታል።

ሦስተኛው ወደ ሥራ መመለስ ነው። ያዘነ ሰው “ስሜቴ ሲመለስ እሠራለሁ” ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥራው ነው ስሜትን የሚመልሰው። ስለዚህ በትንሹ ይጀመራል፦ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ መውጣት፣ በሚቀጥለው ግማሽ ቀን።

አራተኛው ሰው ነው። ከማኅበር የቀሩት መቼ ነው? ምስጢር የሚያዋዩዋት እህት አለች? ወደ ማኅበሩ መመለስ፣ ለንስሐ አባት መናገር፣ የእድር ጓደኛን ማግኘት የሕክምናው አካል ሆኖ በዕቅድ ይያዛል። በአምስተኛው ቀጠሮ ዘጠኙ ጥያቄዎች ይደገማሉ፤ የተማሩት ይከለሳል፤ ችግሩ ቢመለስ ምን እንደሚያደርጉም ይነጋገራሉ።

ለቡድን የሚሰጥ ሥልጠና

የግል አማካሪዎች ከአንድ ለአንድ ቀጠሮ ሌላ ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎች ወይም ለተማሪዎች የጥቂት ሰዓት ሥልጠና ይሰጣሉ። ይህን ዓይነት ንግግር በአገራችን ሰፊው ሕዝብ ዘንድ ካደረሱት አንዱ ሳይካትሪስቱ ዶ/ር ምሕረት ደበበ ናቸው፤ “የተቆለፈበት ቁልፍ” በሚለው ልብ ወለዳቸውና በሥልጠናዎቻቸው የአእምሮ ነገር በየቤቱ እንዲነሣ አድርገዋል። ጥሩ ሥልጠና የሚታወቀው ሠልጣኙ አንድ የሚሠራበት ነገር ይዞ ሲወጣ ነው፤ ስለ እንቅልፍ ሥርዓት፣ ቁጣ ሲመጣ ስለ ማረፍ፣ ለተጨነቀ ባልደረባ እንዴት ጆሮ እንደሚሰጥ። በደስታ ጭብጨባ ተጀምሮ በጭብጨባ የሚያልቅ ስብሰባ ግን በማግስቱ ይረሳል።

የአያቶች አግዳሚ ወንበር

ባለሙያ በጠፋበት ቦታ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ ከዚምባብዌ መልስ መጥቷል። ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ በሚገኝ ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የተጨነቀን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አብረው ይለያሉ፤ አንድ እርምጃ ያስመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ 573 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተነጋገሩት 14 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን 50 ከመቶ ገደማ ነበሩ።

ደጀን፣ ቢቸናና ሞጣ የሚከበሩ እናቶችና ሽማግሌዎች አጥተው አያውቁም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉ። የጎደለው ሥልጠናውና የሚከታተላቸው ባለሙያ ነው። ጦርነትና መፈናቀል ብዙ ቤተሰብ ባቆሰሉበት ክልል ይህን ማሟላት እንደ ክትባት ሊታሰብ የሚገባው ጉዳይ ነው።

አማካሪ ሲመርጡ

የግል አማካሪ የሚፈልግ ሰው በግልጽ ሊጠይቅ መብቱ ነው። የት ተማሩ? ፈቃድዎ የት ነው? ክፍያው ስንት ነው፣ ስንት ቀጠሮ ይፈጃል? ለማን ይነግሩብኛል? ከአቅምዎ በላይ ሲሆን ወዴት ይልኩኛል? ጥሩ አማካሪ በእነዚህ አይቆጣም። በስልክ የሚሠራ ከሆነ ማንም የማይሰማበት ቦታና ሰዓት አብረው ይመርጣሉ፤ ክፍያውም በቴሌብር ሊሆን ይችላል። ይህ በር ላይ መታየትን ለሚፈራ የትንሽ ከተማ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

መሸሽ ያለበትም አለ። በአንድ ቀን እፈውስሃለሁ የሚል፣ የሐኪም መድኃኒት አቋርጥ የሚል፣ የሌላ ደንበኛን ጉዳይ የሚያወራ፣ ከደንበኛው ጋር ንግድ ወይም ፍቅር የሚጀምር አማካሪ ሙያውን ጥሷል። ሰው ራሱን ለማጥፋት ካሰበ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ቀናት ሙሉ ሳይተኛና ሳይበላ ከቆየ ወይም ሲጥለው ከዋለ የሚሄድበት የአማካሪ ቢሮ ሳይሆን ሆስፒታል ነው፤ ብቻውንም መተው የለበትም።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሕክምናውን መተው አያስፈልገውም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ካህንና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው፣ ታማሚዎች እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም የሚወስዱበት ሥራ ተሠርቷል፤ ተሞክሮውም እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት ታትሟል። አማካሪም ከካህን ጋር የሚፎካከርበት ምክንያት የለውም።

አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ብለዋል። ለዘመናት የደበቅነው ይህ ሕመም መድኃኒት አለው፤ የሚያዳምጥ የሠለጠነ ሰው፣ ጥቂት ሳምንታትና የታመነ ምስጢር። ደጀን ላይ አንድ እንዲህ ያለ ክፍል ለመክፈት የሚበቃ ዕውቀት አለ። ወጣት የሥነ ልቦና ምሩቃን ወደ ትንንሽ ከተሞች ይውጡ፤ ጤና ጣቢያዎች ክፍል ይስጧቸው፤ የተጨነቀም ሰው ጥርሱን ለሐኪም እንደሚያሳይ ሁሉ ሳያፍር ቀጠሮ ይያዝ።