ጁባ ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ ለምን ‘ቅርስ’ አልሆነም?

አንድ የጦር ጠመንጃ ከመሣሪያነት ወደ ቅርስነት የሚሻገረው መቼ ነው? በአሜሪካ ሕግ መልሱ በዓመታት ይለካል። እአአ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ ‘ጥንታዊ’ ተብሎ ከአብዛኛው የፌዴራል ቁጥጥር ነፃ ይሆናል። ከተሠራ 50 ዓመት የሞላውን ደግሞ የሰብሳቢ ፈቃድ ያለው ሰው ቀለል ባለ ሥርዓት ሊገዛው ይችላል።

በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ሠራዊቶች የጣሏቸውን ጠመንጃዎች የሚሰበስቡ፣ የሚወለውሉና በተኩስ ሜዳ የሚሞክሩ በርካታ ሰዎች አሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ‘ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ’ የተባለ የፍሎሪዳ አስመጪ ከኢትዮጵያ ያወጣቸው የጣልያን ካርካኖና ቬተርሊ እንዲሁም ማውዘር ጠመንጃዎች በእነዚሁ ሰዎች እጅ ገብተዋል። ቬተርሊ በአድዋ ጦርነት የጣልያን ወታደሮች የያዙት ጠመንጃ ነው። ያኔም ቢሆን አሮጌ ነበር፤ ጣልያን አዲሱን ካርካኖ እያላት ነው ቬተርሊን ያዘመተችው። አማርኛም ከዚያ ዘመን መሣሪያዎች ስም ወርሷል፤ ሰናድር፣ ውጅግራና ምንሽር ዛሬ ከጦር ሜዳ ይልቅ በፉከራና በቀረርቶ ይታወሳሉ።

የኢትዮጵያ ጎረቤት በሆነችው ደቡብ ሱዳን ግን የአሮጌ ጠመንጃ ዕጣ ሌላ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ጠመንጃዎቹ ወደ ጁባና አካባቢዋ የገቡበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

እአአ ነሐሴ 18 ቀን 1955 ከጁባ በስተምሥራቅ በምትገኘው ቶሪት የሰፈረው የኢኳቶሪያ ጦር አመፀ። የወታደሮቹ መሣሪያ እንግሊዞች ያስታጠቋቸው ሊ ኤንፊልድ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል፣ አሥር ጥይት የሚይዝ ጠመንጃ። ከአመፀኞቹ ከፊሎቹ ጫካ ገቡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተነሣው የአኛኛ ሸማቂ ጦር ታዲያ ከጥቂት ጠመንጃዎች በቀር ትጥቁ ጦርና ገጀራ ነበር።

ይህን የለወጠው የጎረቤት አገር ጦርነት ነው። በ1964 እና 1965 የኮንጎ ሲምባ አማፂያን ሲሸነፉና ወደ ሱዳን ሲያፈገፍጉ፣ መሣሪያቸው በግዢም በንጥቂያም በአኛኛ እጅ ገባ። ቀጥሎ እስራኤል በ1967ቱ ጦርነት ከዓረብ ሠራዊቶች ከማረከችው መሣሪያ አካፈለቻቸው። በ1972 በአፄ ኃይለ ሥላሴ አግባቢነት የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት ለአሥር ዓመት ያህል ሰላም አወረደ። ጦርነቱ በ1983 ሲያገረሽ ግን ደርግ በጋምቤላ በኩል የጆን ጋራንግን ጦር አስታጠቀ። እያንዳንዱ ጦርነት ከሌላ ጦርነት በተረፈ መሣሪያ የተዋጋ ይመስላል።

በዚህ ሂደት ሊ ኤንፊልድን ከሜዳ ያስወጣው እርጅናው ብቻ አይደለም፤ ጥይቱ ነው። ጠመንጃው 303 የሚባለውን ጥይት ካላገኘ ከዱላ አይሻልም። በአውሮፓና በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ሲሉ ዛሬም ይህን ጥይት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። በናይል ዳርቻ ገበያውን የያዘው ግን የክላሽንኮቭ ጥይት ነው፤ ስለዚህ ሰው ክላሽ ያዘ።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቻይና ክላሾች ከ1956 ጀምሮ የተመረቱ ናቸው፤ በዕድሜ ብቻ ቢለካ ብዙዎቹ የሰብሳቢ ዕቃ በሆኑ ነበር። አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክላቸው ያለማቋረጥ መተኮሳቸው ነው፤ ከ1986 ወዲህ እንዲህ ያለ አዲስ መሣሪያ ለግለሰብ አይፈቀድም። በደቡብ ሱዳን ደግሞ ሥራ ላይ ስለሆኑ ማንም እንደ አሮጌ አያያቸውም።

ምን ሥራ ቢባል፣ በመጀመሪያ ደረጃ ከብት መጠበቅ። አንትሮፖሎጂስቷ ሻሮን ሃቺንሰን ስለ ኑዌሮች በ1996 ባሳተሙት ጥናት ጠመንጃ በከብት የሚገዛ፣ ብዙ ጊዜም ወንድማማቾች በጋራ የሚይዙት ንብረት እንደነበር አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ የቤተሰብ ጥሪት ነው። ከሰብሳቢ መደርደሪያ የሚለየውም የሚያወርሰው ትዝታ ሳይሆን ጥበቃ በመሆኑ ነው።

መንግሥት ጠመንጃን ከዜጎች እጅ ለመሰብሰብ በተደጋጋሚ ሞክሯል። በ2006 በጆንግሌይ በተካሄደው ትጥቅ የማስፈታት ዘመቻ 3,000 ገደማ መሣሪያ ሲሰበሰብ 1,600 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ‘ስሞል አርምስ ሰርቬይ’ የተባለው የጥናት ተቋም ገልጿል፤ ይህ ማለት ለሁለት ጠመንጃ አንድ ሰው ማለት ነው። በነሐሴ 2020 ደግሞ በቶንጅ አካባቢ በተመሳሳይ ዘመቻ ሳቢያ በተነሣ ግጭት 127 ሰዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቋል።

እምቢታው የግትርነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ቀድሞ ትጥቅ የፈታ ማኅበረሰብ ትጥቅ ላልፈታው ጎረቤቱ ይጋለጣል፤ መንግሥትም ቃል የገባውን ጥበቃ ብዙ ጊዜ አላደረሰም። ጣጣው ድንበርም ይሻገራል። በሚያዝያ 2016 ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ጋምቤላ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን መውሰዳቸው አይዘነጋም።

በ2016 የወጣው የደቡብ ሱዳን የጦር መሣሪያ ሕግ ሲቪሎች ጠመንጃ በፈቃድ ብቻ እንዲይዙ ያዛል። ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ከተማ ውስጥ፣ ጠመንጃው ደግሞ ከብት በሚያድርበት በረት ነው።

ጠመንጃ በአፍሪካ ወደ ሙዚየም የገባበት ምሳሌ ግን አለ። በሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1992 ካበቃ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ከ1995 ጀምሮ ጠመንጃን በእርሻ መሣሪያ፣ በብስክሌትና በልብስ ስፌት መኪና ይለውጡ ነበር። ከተቆራረጡት ጠመንጃዎች የተሠራ አንድ ወንበር ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም አለ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ጦርነቱ ያበቃው ልውውጡ ከመጀመሩ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ጁባ ገና እዚያ አልደረሰችም። በሐምሌ 2018 በአገሪቱ ላይ የተጣለው የጦር መሣሪያ ማዕቀብ በየዓመቱ ሲታደስ ቆይቷል። የሰላም ስምምነቱ የወለደው የተዋሐደ ጦር የመጀመሪያ ዙር ምሩቃን በነሐሴ 2022 ጁባ ላይ ሲመረቁ፣ በማሠልጠኛ ካምፖች ብዙዎቹ የተለማመዱት ከእንጨት በተጠረበ ጠመንጃ ነበር።