በእንግሊዝኛ በስም ፋንታ ስለሚገባ ሐረግ

ስም የሰው፥ የስፍራና የነገር መጠሪያ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በስም ስፍራ የሚገባው አንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ ሐረግም እንደ አንድ ስም ሆኖ ይገባል። «ነገሩን አውቃለሁ» ስንል ተሳቢው ስም ነው፤ «እንደ መጣ አውቃለሁ» ስንል ግን «እንደ መጣ» የሚለው ሐረግ የስሙን ስፍራ ይይዛል። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሐረግ «ናውን ክሎዝ» ይሉታል።

ይህን ሐረግ ለመለየት ግሱን «ምን?» ወይም «ምንን?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አይ ኖው ዛት ሂ ኬም» በሚለው «ምንን አውቃለሁ?» ቢባል፥ መልሱ «ዛት ሂ ኬም» ነው፤ ስለዚህ ተሳቢ ነው። «ዋት ሂ ሴድ ኢዝ ትሩ» ማለት «የተናገረው እውነት ነው» ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ሐረጉ ባለቤት ሆኗል።

በአማርኛ ማሰሪያው አንቀጽ በመጨረሻ ስለሚመጣ ተሳቢው ሐረግ ይቀድመዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሱን ይከተለዋል። «መጽሐፉ ወዴት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ «ዌር ኢዝ ዘ ቡክ?» ይባላል። «መጽሐፉ ወዴት እንደ ሆነ አውቃለሁ» ለማለት ግን «አይ ኖው ዌር ዘ ቡክ ኢዝ» ይባላል፤ ጥያቄነቱ ስለ ቀረ ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል።

ከሁሉ ይልቅ የሌላውን ሰው ቃል ስናወራ መጠንቀቅ ይገባናል። አንድ ጎረቤት «ገንዘቡን እከፍላለሁ» ቢል፥ በአማርኛ ልማድ «ገንዘቡን እከፍላለሁ አለ» ብለን እናወራለን፤ ሰሚውም ከፋዩ ጎረቤታችን እንደ ሆነ ያስተውላል። ይህንኑ ተማሪው ቃል በቃል መልሶ «ሂ ሴድ ዛት አይ ዉድ ፔይ ዘ መኒ» ብሎ በደብዳቤ ቢጽፍ ግን፥ ከፋዩ ጸሐፊው ራሱ ይሆናል። ባንዲት አጭር ቃል ምክንያት የጎረቤቱን ዕዳ በገዛ እጁ በራሱ ላይ ጻፈ ማለት ነው።

ትክክለኛው «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ ፔይ ዘ መኒ» ነው። «አይ» የነበረው «ሂ» ሆነ፤ «ሴድ» ያለፈ ጊዜ ስለ ሆነም «ዊል» ወደ «ዉድ» ተለወጠ። የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ለመጻፍ የፈለገ ግን «ዛት» የሚለውን ትቶ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያግባው፤ ያን ጊዜ «አይ» ተናጋሪውን ያመለክታል።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ የሌላውን ቃል በእንግሊዝኛ ከመጻፍህ በፊት «ተናጋሪው ማን ነው? አድራጊውስ ማን ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።

መልመጃ፤ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልስ።
፩ኛ፤ እንደ ታመመች አውቃለሁ።
፪ኛ፤ ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ ንገረኝ።
፫ኛ፤ አባቴ ነገ እመጣለሁ አለ።