የሞተር ሳይክል የተግባር ፈተና፦ ዝግጅቱና የሚመዝነው ብቃት

ድሬዳዋ፦ በድሬዳዋ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል ምርትን ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛን ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሞተር ሳይክል መግዛት ለመንዳት ፈቃድ አይሆንም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 እንደሚደነግገው፣ ማንኛውም አሽከርካሪ ለሚነዳው ተሽከርካሪ ምድብ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ለዚህም ሥልጠና ወስዶ የጽንሰ ሐሳብና የተግባር ፈተናዎችን ማለፍ ይጠበቅበታል።

በልምድ ለዓመታት የነዱ ሰዎች የተግባር ፈተናውን ቀላል አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። ነገር ግን ብቃት የሚለየው በፍጥነት ሳይሆን በዝግታ በመንዳት ነው። ሞተር ሳይክል ሲፈጥን በራሱ ሚዛን ይጠብቃል፤ ሲዘገይ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው ነጂው ነው። ሠልጣኞች በስምንት ቁጥር ቅርጽ ባለ ጠባብ መስመር ላይ እግራቸው መሬት ሳይነካ መዞርን የሚለማመዱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ልምምድ ሞተሩን በአንደኛ ማርሽ ማቆየት፣ ነዳጅ ሳይዋዥቅ መስጠት፣ ፍሪሲዮንን በከፊል መልቀቅና ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን በቀስታ መቆጣጠር ያስፈልጋል። መሪው ተጠምዞ ሳለ የፊት ፍሬንን መያዝ ሊጥል ይችላል። ዓይንም ከፊት ጎማ ላይ ተነሥቶ ወደሚዞሩበት አቅጣጫ ሊያይ ይገባል፤ ሞተሩ የነጂውን ዕይታ ይከተላልና።

ከመነሣት በፊት የራስ ቁርን አጥብቆ ማሰር፣ ፍሬንን፣ ጎማን፣ መብራትንና ስፖኪዮን መፈተሽ፣ የጎን ማቆሚያውንም ማጠፍ ተገቢ ነው። መንገድ ላይ ሲወጡ ፍሬቻ ማሳየት፣ ስፖኪዮ መመልከትና አንገትን አዙሮ ከኋላ የሚመጣውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከታጠፉ በኋላ ፍሬቻውን ማጥፋት ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። አደባባይ ሲደርሱም ቀድሞ ለገባ ተሽከርካሪ ቅድሚያ መስጠት ይገባል።

የከተማዋ መንገዶች እነዚህን ልማዶች በየዕለቱ ይፈትናሉ። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚያልፍ ነጂ ድንገት የሚቆም ባጃጅ፣ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ወይም ፍየል ሊያጋጥመው ይችላል። ከዝናብ በኋላ ጎርፍ አስፋልት ላይ በሚተወው አሸዋ ላይ በድንገት ፍሬን መያዝ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ አሸዋው ላይ ከመድረስ በፊት ፍጥነት መቀነስ ይበጃል። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ በፍሬን ብቻ ከመመካት ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ይመረጣል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ሳይክል ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት በ30 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው አራት እጥፍ ያህል ነው። ፈተናውን ያለፈ ነጂም ይህን ልብ ሊል ይገባዋል። የራስ ቁርም ለነጂው ብቻ ሳይሆን ከኋላው ለሚቀመጠውም ሰው ያስፈልጋል።