የክረምት ጎመን፦ መቼ ተዘርቶ መቼ ይቀነጠሳል

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ክረምት ሲገባ ማሳው ይለመልማል፣ ጎተራው ግን ይራቆታል። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ ነው፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ይህን ክፍተት ለብዙ ቤተሰብ የሚሞላው የጓሮ ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን ነው። የመዝሪያው ጊዜም የሚሰላው ከዚህ ተነስቶ ነው። ሐምሌ ላይ ድስት የሚገባ ጎመን የሚፈልግ ሰው፣ የሚያዝያ ወይም የግንቦት ዝናብ መሬቱን እንዳራሰ ይዘራል።

ቦታው ፍግና አመድ ሲደፋበት የኖረ፣ ለቤት የቀረበ መሬት ቢሆን ይመረጣል። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ወይም ከአመድ ጋር ቀላቅሎ መበተን ይሻላል፤ አለዚያ አንድ ቦታ ይከመራል። መዝራቱን እስከ ሰኔ መጨረሻ ያዘገየ ሰው ለጋ ቡቃያውን ለከባድ ዝናብ ያጋልጣል። ውሃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይማ መደቡን ከፍ ማድረግ ግድ ነው፤ ሥሩ ውሃ ላይ ከተኛ ይበሰብሳል። ቡቃያው ሲጠጥር ይሳሳል፤ የተነቀለውም አይጣልም፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጎመን እሱ ነው።

አቀናጠሱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከታች ያለው፣ የሰፋው ቅጠል ይቀድማል። አገዳውን ከሥሩ ይዘው ወደ ታች ጫን ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይለቃል። መሃል ላይ የተጠቀለለው ለጋ ልብ አይነካም። ልቡ እስካለ ድረስ ያው እግር በየሳምንቱ አዲስ ቅጠል ይሰጣል። ጥቅል ጎመን እንዲህ አይደለም፤ ችግኙ ከተዛወረ ከሦስት እስከ አራት ወር ይጠበቃል፣ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ አለቀ። ለእኔ የሐበሻው ጎመን ትልቁ ጸጋ ይህ ደጋግሞ መስጠቱ ነው። የሰኔ ጾምም ፍልሰታም በዚሁ ወቅት መዋላቸው ጎመኑን ከማዕድ አያጠፋውም።

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ክረምቱን ሙሉ ጎመን የበላ ቤት እህል ሲደርስለት እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በጉራጌ ግን በዚያው በመስቀል ሰሞን ጎመን ከክትፎ ጋር በክብር ይቀርባል።

ዝናቡ ሲያባራ ተክሉም ጠባዩን ይለውጣል። ዝናብ ሲያጥበው የከረመው ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ይራባል፣ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ግንዱ ሽቅብ ተወርውሮ ቢጫ አበባ ያወጣል። ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ዘሩ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል። ቅርፊቱ በጣም ሳይደርቅ፣ በጠዋት ጤዛ ማጨድ ይበጃል፤ ፀሐይ ከበረታ ፈንድቶ ይረግፋል። ይህ ጎመን ዘር ዘይት አለው፤ ተወቅጦ የእንጀራ ምጣድ ይታሰስበታል።

በ1935 እ.ኤ.አ. ናጋሃሩ ኡ የተባለ ተመራማሪ የጎመን ዝርያዎችን ዝምድና ሲያሳይ፣ የሐበሻው ጎመን የሁለት ወገን ልጅ መሆኑን አስረድቷል፦ አንዱ ወላጅ ሰናፍጭ፣ ሌላው የጥቅል ጎመን ወገን። ያ የሚያቃጥል ጣዕሙ ከሰናፍጩ ወገን ቢመጣ አይገርምም።

በዚህ ክረምት እንግዲህ ከጓሯችሁ ጎመን ቅጠላቸው የሰፋና ጤናማ የሆኑትን ሦስት አራት እግር ምረጡና ሳትቀነጥሱ ተዉአቸው። የከርሞው ዘር ከእነሱ ነው።