የተወሰነ ኃላፊነት፦ ዋጋውና ሥርዓቱ

በቀደመው ዘመን ዕዳ ከባለዕዳው ሥጋ ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም። አበዳሪው ገንዘቡን ያልመለሰለትን ሰው ከዳኛ ፊት አቁሞ በረታው ጊዜ፥ ሁለቱ ተቆራኝተው፥ ዕዳው እስኪከፈል ወይም የታመነ ዋስ እስኪገኝ ድረስ፥ አብረው የሚውሉበትና አብረው የሚያድሩበት የቁራኛ ሥርዓት በአገራችን የታወቀ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱ ስለ ሽርክና ቢደነግግም፥ የሲራራ ነጋዴዎችም በቃልና በመሐላ የሚጸና የባልንጀርነት ውል ቢኖራቸውም፥ ከሚነግዱት ሰዎች ተለይቶ የራሱ ስም፥ የራሱ ገንዘብና የራሱ ዕዳ ያለው አካል ግን ገና አልተፈጠረም ነበር።

አንድ ሰው ካለው ሀብት ከፊሉን ለንግድ ሲያውል፥ የቀረውን ለልጆቹና ለሽምግልናው እንዲያቆይ ሕግ ሊፈቅድለት ይገባልን? ቢፈቅድለትስ በምን ዋጋና በምን ግዴታ? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። ታላላቆቹ የአክሲዮን ማኅበራት ይህን ጸጋ ቀድመው አግኝተው ሳለ፥ ለጥቂት ወዳጆችና ለቤተ ሰብ ንግድ የሚስማማውን ቅርጽ በሕግ የደነገገችው ጀርመን ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1892 ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1925 ተከተለቻት። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ስለ ንግድ ማኅበራት ሕግ ከወጣ በኋላ፥ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምሮት በሞት ሲለይ የአገሩ ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸመው የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የተባለው አካልም በዚህ ሕግ ጸና።

የ1952ቱ ሕግ ሥርዓት አጭርና ግልጽ ነበር። አባላቱ ከሁለት እንዳያንሱ ከ50ም እንዳይበልጡ፥ ካፒታሉ ከ15,000 ብር እንዳያንስና በሙሉ ተከፍሎ እንዲገኝ፥ የባንክና የኢንሹራንስ ሥራም ለዚህ ዓይነቱ ማኅበር የተከለከለ እንዲሆን አዘዘ። በዚህም ልክ አባሉ ባዋጣው መዋጮ መጠን ብቻ ተጠያቂ ሆነ። የካፒታሉ ወለል በዚያ ዘመን የዋዛ አልነበረም፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር፥ 15,000 ብር ወደ 6,000 ዶላር ይጠጋል። ዛሬ ግን፥ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ ወዲህ፥ ያው 15,000 ብር 150 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለውጧል፤ አንድ ጊዜ ለአበዳሪ ዋስትና ይሆን የነበረው ገንዘብ ዛሬ በዋና መንገድ ላይ ያለችን አንዲት ሱቅ የወር ኪራይ አይሸፍንም።

ሕጉ በጸና በ15 ዓመቱ የአገሪቱ አቅጣጫ ተለወጠ። ደርግ ታላላቅ ድርጅቶችን በ1967 ዓ.ም. ከወረሰ በኋላ፥ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ዐዋጅ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከግማሽ ሚሊዮን ብር እንዳያልፍ ወሰነ። ወሰኑ እስከ ደርግ የመጨረሻ ዓመታት ድረስ የቆየ ሲሆን፥ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነጋዴው ዳግመኛ ማኅበር ማቋቋም ሲጀምር ያገኘው መሣሪያ ያው ሳይሻሻል የቆየው የ1952 ሕግ ነበር።

ከዚህም የተነሣ አንድ ልማድ ሥር ሰደደ። ሱቁን ብቻውን ያቀናው፥ ገንዘቡንም ብቻውን ያወጣው ነጋዴ፥ ሕጉ ሁለተኛ ሰው ስለሚጠይቀው፥ ሚስቱን ወይም ወንድሙን በጥቂት አክሲዮን አስገብቶ ማኅበር አቋቋምሁ ይል ጀመር። በስም አባል የሆነው ሰው ስብሰባ አይጠራም፥ ሒሳብም አያይም፤ ነገር ግን ሞት፥ ፍቺ ወይም ቅያሜ በመጣ ጊዜ ያ በስም የተጻፈ አክሲዮን እውነተኛ መብት ሆኖ ይነሣል፤ ወራሾች ይካፈሉታል፥ ፍርድ ቤትም ያከብረዋል። ለባልና ለሚስት ደግሞ ጥያቄው ይበረታ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ እንደማይጸና ይደነግጋልና። እንዲህ ሆኖ አያሌ ማኅበር ከመሠረቱ ላይ እውነት ያልሆነ ቃል ይዞ ተወለደ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ ዐዋጅ ቁጥር 1243፥ ይህን የቆየ ጉድለት ተመልክቶ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቀደ። ብቻውን የሚነግድ ሰው እንግዲህ ብቻውን መሆኑን ሳይሸሽግ መመዝገብ ይችላል፤ ነገር ግን ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ማኅበሩን ተረክቦ የሚያስተዳድር ሰው አስቀድሞ እንዲሰይም ይገደዳል። ይህ ድንጋጌ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገን ይመስለኛል፤ የነጋዴውን ሕይወት ከማኅበሩ ሕይወት ለይቶ፥ ሠራተኛውና ደንበኛው በባለቤቱ ሞት እንዳይበተኑ አስቧልና።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንለፍ። መጀመሪያ የሚሻው ስም ነው፤ ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር የማይመሳሰልና ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ ያልሆነ የንግድ ስም ተጣርቶ ይያዛል። ቀጥሎ የመመሥረቻ ጽሑፉና የመተዳደሪያ ደንቡ ይሰናዳሉ፤ በእነዚህም የአባላቱ ስምና አድራሻ፥ የማኅበሩ ዓላማ፥ ዋናው መሥሪያ ቤት፥ የእያንዳንዱ መዋጮ፥ የትርፍና የኪሳራ ክፍፍል፥ የሥራ አስኪያጁም ሥልጣን ይገለጣሉ። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ የሆነ እንደ ሆነ በባንክ ማስረጃ ይደገፋል፤ በዓይነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ማለት መኪና ወይም የሥራ መሣሪያ፥ ዋጋው ተገምቶ ይጻፋል።

ከዚያ ሰነዱ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይሄዳል፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ውልና ማስረጃ እያለ የሚጠራው ቤት ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 922 መሠረት ባለሥልጣኑ የፈራሚዎቹን ማንነት፥ ችሎታና ሥልጣን፥ የሰነዱንም ሕጋዊነት ይመረምራል። አባላቱ መታወቂያቸውን ከፊቱ አኑረው የመመሥረቻ ጽሑፉን ገጽ በገጽ ይፈርማሉ፤ በውክልና የመጣም ሰው ካለ የውክልናው ቃል ማኅበር ማቋቋምንና መዋጮ መክፈልን በግልጥ ማውሳቱ ይታያል፤ ያ ቃል ከጐደለ ሁሉም ለሌላ ቀን ይመለሳሉ። ለብዙ ሰው የማኅበርተኝነት ትርጉም የሚገለጥለት በዚያች ሰዓት ነው፤ በቡና ጊዜ በቃል የተስማሙት የድርሻ ጉዳይ በቁጥር ተጽፎ ሲያዩት፥ አንዱ ብዕሩን አንሥቶ ጥያቄ የሚጠይቅበት ጊዜ አለና። ያ ጥያቄ በዚያ ቢጠየቅ ይሻላል፤ ሳይጠየቅ ያለፈው ከዓመታት በኋላ በችሎት ይጠየቃልና።

የተረጋገጠው ሰነድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣበታል፤ በንግድ መዝገብም ይሰፍራል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘው በዚህ ምዝገባ ነው፤ ከዚያ በፊት የተደረገ ውል በማኅበሩ ስም ቢጻፍም የሚያስጠይቀው ፈራሚዎቹን ነው። ከምዝገባው በኋላ ንግድ ፈቃድ ይከተላል፤ ሥራው የጤና፥ የምግብ፥ የግንባታ ወይም ሌላ ልዩ ቁጥጥር የሚሻ ከሆነ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ ይቀድማል። ብዙው አገልግሎት ባለፉት ዓመታት በኢንተርኔት መሰጠት መጀመሩ የእግር ጉዳዩን አቅልሎታል፤ የአድራሻ ማስረጃና የብቃት ማረጋገጫ ግን አሁንም ጊዜ ይበላሉ።

ወጪውን ስንቆጥር፥ ለመንግሥት የሚከፈለው ትንሹ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ ዐዋጅ ለመመሥረቻ ጽሑፍና ለመተዳደሪያ ደንብ በመጀመሪያው ሰነድ 350 ብር፥ በሚከተለው 100 ብር ወሰነ፤ በቤት ኪራይ ውልም ላይ ከመቶ ግማሽ አስከፈለ። የምዝገባና የፈቃድ ክፍያዎች ቢታከሉበትም አቅም የሚፈትኑ አይደሉም። ከባዱ ሌላው ነው፤ ሥራው ሳይጀመር የቤቱ አከራይ ቀድሞ የሚቀበለው የወራት ኪራይ፥ የሕግ ባለሙያ አበል፥ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ። ከዚህም በኋላ ማኅበሩ የሽያጩ መጠን ምንም ያህል ቢያንስ፥ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 መሠረት፥ ድርጅት በመሆኑ ብቻ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነው፤ የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፥ ከትርፉም 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ብቻውን የሚነግደው የቀበሌ ባለሱቅ በግምት የሚከፍልበት ሥርዓት ሲኖር፥ ማኅበር ያቋቋመው ጐረቤቱ የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አለበት። እንግዲህ ብዙ ነጋዴ በግል ንግድ ፈቃድ መቆየትን የሚመርጥበት ምክንያት ከምዝገባው ደጃፍ ይልቅ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

በውጭ አገር ለሚኖረው ወገናችንም ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። የውጭ ዜጋ ብቻውን ለሚያቋቁመው ሥራ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ዐዋጅ በመደበኛው 200,000 የአሜሪካ ዶላር ሲጠይቅ፥ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን በ1994 ዓ.ም. በተሰጠው መብት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቈጠር ይችላል። ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ወንድሙን የሚወክል ሰው ውክልናውን በኤምባሲ አስጽፎ ይልካል፤ ወንድሙም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ ያስጸድቀዋል። ገንዘብ ከላኪው፥ ሥራ ከተቀባዩ በሚሆንበት በዚህ ዓይነቱ ማኅበር፥ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ መጀመሪያ አለመጻፍ ስንት የተፋቀረ ወንድማማች እንዳለያየ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እናገራለሁ። የተወሰነ ኃላፊነት በነጋዴው ቤትና በንግዱ መካከል የሚተከል አጥር ነው፤ ሕጉ አጥሩን ይፈቅዳል፥ በሩን ዘግቶ መጠበቅ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። የማኅበሩን ገንዘብ ለልጁ ሠርግ ያወጣ፥ የራሱን ዕዳ በማኅበሩ ቼክ የከፈለ፥ መኪናውን አንድ ጊዜ የራሴ አንድ ጊዜ የድርጅቱ የሚል ሰው አጥሩን በገዛ እጁ አፈረሰ፤ ሁለቱን ንብረት ያደባለቀ እንደ ሆነም ዳኛው የተወሰነውን ኃላፊነት ሊያነሣበት ይችላል። ባንኮችም ይህን የንብረት መደበላለቅ ስለሚያውቁ፥ ለማኅበሩ ሲያበድሩ የአባላቱን የግል ዋስትናና መኖሪያ ቤታቸውን ይጠይቃሉ፤ አባሉም በፈረመ ጊዜ ሕግ የሰጠውን ጥበቃ በውል ይተዋል። ስለዚህ ማኅበር አቋቁሜያለሁና ቤቴ አይነካም የሚለው እምነት ሙሉ እውነት የሚሆነው፥ መዝገቡ የተለየ፥ የባንክ ሒሳቡ የተለየ፥ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ የግል ዋስትናም ያልተፈረመ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ወገኖች ግዴታ አለባቸው። መንግሥት ለአነስተኛው ማኅበር ቀለል ያለ የሒሳብ አያያዝ ቢያበጅ፥ የካፒታሉን ወለል ከዘመኑ ዋጋ ጋር ቢያገናዝብ ወይም ጨርሶ ቢያነሣው፥ ሰው በእውነተኛ ስሙና በእውነተኛ ድርሻው እንዲመዘገብ ያበረታታል። ነጋዴው ደግሞ ከተዘጋጀ ቅጽ ገልብጦ መፈረምን ትቶ፥ ድርሻን፥ መውጫንና ውርስን የሚመለከቱትን አንቀጾች ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ እንደ ራሱ ጉዳይ ያስጽፍ፤ ከመጀመሪያውም ቀን ጀምሮ ለራሱ ደመወዝ ቈርጦ፥ ከዚያ በላይ የማኅበሩን ሣጥን አይንካ። ማኅበሩ ከባለቤቱ ተለይቶ መኖር የሚጀምረው ከዚያች የደመወዝ ቀን ነው።